የትብለጥ አክፍሎት

ሮማን ሕግ አውጪም ሕግ አስፈጻሚም ናት። ኢንተርናሽናል ሲቲ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ በስሟ ተከራይታ፣ ድርብርብ የብረት አልጋ ደርድራ፣ በየአልጋው መጋረጃ ጋርዳ ለአገሯ ልጆች በቢድ ስፔስ፣ አልጋ በአልጋ፣ ታከራያለች። ጉለሌ ተወልዳ ያደገች፣ ዱባይን ሜትሮ ሳይኖራት ጀምሮ የምታውቅ፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት ናት። ኮሮና የመጣ ሰሞን ተከራዮቿን ሰብስባ በቤቱ ሕግ ላይ አንድ ሕግ ጨመረች።

"ያተኮሳት ትውጣ። ዋላሂ እናቴም ብትሆን ትወጣለች! አንዷ ከታመመች ቤቱ ይታሸጋል፤ ቤቱ ከታሸገ ሁላችንም ኸላስ።"

ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ነፃነት የምትባለው ልጅ ስታስል አድራ ጠዋት ግንባሯ ሲግል ግን የቀልድ ነገር አበቃ። ሮማን ልብሷን በፌስታል አስይዛ አስወጣቻት። "አምቡላንሱን ምድር ቤት ሆነሽ ጥሪ። የት ነው የምትኖሪው ካሉሽ ይህን ቤት አላውቀውም በዪ" አለቻት። ሊፍቱ ምድር ቤት ሳይደርስ ፍራሿ ተጠቅልሎ፣ የአልጋው ብረት በበረኪና እየታሸ ነበር። ነፃነት በኋላ ዳነች፤ አልጋዋ ግን አልዳነላትም። ስትመለስ ሌላ ሰው ተኝቶበት አገኘችና ሻንጣዋን በር ላይ ተቀብላ ሻርጃ ወደምታውቃት ሴት ሄደች።

ትብለጥ ይህን ሁሉ ከላይኛው አልጋዋ ላይ ሆና በመጋረጃዋ ክፍተት አይታለች። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ጉልበተኛ፣ ሰው ቤት በሰዓት እያጸዳች የምትኖር። ከተማው ሲዘጋ ሹግሉ፣ ያ ሥራዋም አብሮ ተዘጋ። ያን ቀን የያዛት ፍርሃት ሆዷ ውስጥ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ወሬውም አያስተኛም ነበር፤ የተወሰደ ሰው በረሃ ላይ ይከማቻል፣ የሞተው ያለ ካህን ያለ ፍትሐት ነጭ በለበሱ ሰዎች ይቀበራል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል? ቤት የተቆለፈበት ሰው ሥራው ወሬ ማራባት ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የትብለጥም ጉድ የመጣው ከወደ ኋላ፣ ከአፏ መጨረሻ ነው። በታችኛው መንጋጋዋ በስተቀኝ፣ ሌሎቹ ጥርሶች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ካበቁ በኋላ አንዲት ጥርስ ልውጣ ብላ ተነሣች። የካቲት ላይ ዲራ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄዳ ራጅ ተነሥታ ነበር። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አሳያት። ጥርሷ እንደ ወጉ ቀጥ ብላ አልቆመችም፤ በጎኗ ተጋድማ ጎረቤቷን በራሷ ትገፋለች። ግማሽ አካሏ በድድ እንደተሸፈነ ነው። "በድዱና በጥርሱ መካከል ምግብ ይገባል፣ ይበሰብሳል፣ ይመግላል" አላት። "ድዱ ተቀድዶ መውጣት አለባት። አትቆዪ።" ቀጠሮ ተያዘላት። ቀጠሮው ሳይደርስ ክሊኒኩም፣ መንገዱም፣ አውቶቡሱም ተዘጋ።

ጥርሷም የከተማውን መዘጋት ያወቀች ይመስል ሕማማት እስኪገባ ዝም አለች።

ሰኞ ጠዋት ትብለጥ ስትነቃ መንጋጋዋ ውስጥ ልብ የበቀለ ይመስል ይመታል። አፏን ልትከፍት ብላ አንድ ጣት ከሚያስገባ በላይ እምቢ አላት። በስልኳ መስታወት ስታየው ቀኝ ጉንጯ ተነፍቷል። ቀጥላ ያደረገችው ነገር ግንባሯን መንካት ነበር። ይፋጃል።

እንደ ጥርስ ሕመምተኛ አልነበረም ያሰበችው። ያሰበችው ነፃነትን፣ ፌስታሉን፣ ሊፍቱን ነው። ማስኳን አነሣችና አጠለቀች። ያን ሰሞን ቤት ውስጥም ማስክ ማድረግ ጨዋነት ስለነበር ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ እንዲያውም ሮማን "ከትብለጥ ተማሩ" ብላ ሌሎቹን ወቀሰችባት። ፓናዶሉን በማንኪያ ጀርባ ፈጭታ፣ በውኃ በጥብጣ፣ በጥርሶቿ መካከል አሾልካ ጠጣች። ከሰዓታት በኋላ ግንባሯ ሲቀዘቅዝ ተንፈስ አለች። ሲግል እንደገና ትፈጫለች።

ማክሰኞ ሕመሙ ወደ ጆሮዋም ወደ አንገቷም መንገድ አበጀ። ሽንት ቤት ገብታ፣ ሰው እንዳይሰማት ቧንቧውን ከፍታ ዲራ ክሊኒክ ደወለች። ክሊኒኩ ድንገተኛ ሕመምተኛ ብቻ እንደሚያይ የነገረቻት ሴት ጥያቄዋን ጀመረች።

"ትኩሳት አለሽ?"

ትብለጥ የሽንት ቤቱን በር አየች። ከበሩ ወዲያ የሮማን ነጠላ ጫማ ይንሸራተታል።

"የለኝም።"

"ፊትሽ ወይም አንገትሽ ላይ እብጠት አለ?"

"የለም።"

"አፍሽን ትከፍቻለሽ? ምራቅሽን ትውጫለሽ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ድንገተኛ አይደለም። በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ። ትኩሳት ወይም እብጠት ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ደውዪ፣ አትዘግዪ" አለቻትና ዘጋችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስትሰማ ያደገች ልጅ፣ መድኃኒቱን በገዛ አፏ መልሳ ላከችው። የቧንቧውን ውኃ እንደተከፈተ ትታ የመቀመጫው ክዳን ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ረቡዕ ዕለት የሚበላው ነገር አስጨነቃት። በየመጋረጃው ውስጥ ሰው ቢደበቅም ማዕድ ላይ መደበቅ አይቻልም። ሽሮው ሲቀርብ "ቆይቼ እበላለሁ"፣ ማታ ሲሆን "ጠግቤአለሁ" አለች። ሰው እየጾመ ስንት ጊዜ ይጠግባል? አዳነች፣ ከታችኛው አልጋ የምትተኛው የልብ ጓደኛዋ፣ ጠርጠር አድርጋ አየቻት። አዳነች ደግሞ አንዴ ከጠረጠረች የምትለቅ ሰው አይደለችም።

ሐሙስ ማታ ለሦስተኛ ጊዜ "ለምን አትበይም?" ስትላት ትብለጥ ከማስኩ ውስጥ፣ ጥርሷን ሳታላቅቅ፣

"አክፍሎት ይዣለሁ" አለች።

ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። አክፍሎት ማለት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ እስከ ትንሣኤ ሌሊት መሰንበት ነው፤ ጎበዝ ካልሆነ አይደፍረውም። ሰው ወደ ላይኛው አልጋ ቀና ብሎ በአክብሮት አየ። አዳነች "እኔን! አንቺ ልጅ እንዲህ ጠንካራ ነሽ? በይ እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ፤ እናቴ ታማብኛለች" አለቻት። ሮማን ሳትቀር ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ "ልጅቷን እንዳትረብሿት" ብላ አዘዘች።

ከዚያ በኋላ ትብለጥን የሚያያት ጠፋ። አለመብላቷ ጽድቅ ሆነ፤ አለመጠጣቷ ጽድቅ ሆነ፤ አለመናገሯም፣ ራሷን ደፍታ መቀመጧም። ሕማማት ስለሆነ ማንም ተጠግቶ አይስማትም፣ እንዴት አደርሽም አይላትም። እንዲህ ያለ ጥሩ መደበቂያ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ እሷም ዘላ ገባችበት።

ሌሊቱን ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። እግዚአብሔር ይሰማኛል ብላ ፈራች። በጾሙ ዋሽታለች፤ በዚያ ላይ ሰዎች ጸልዪልን እያሉ ስማቸውን ሰጥተዋታል። የአዳነችን እናት ስም እያነሣች ልትጸልይ ሞከረችና ምላሷ አልንቀሳቀስ አላት። ከሥር የሆነ ነገር ወደ ላይ እየገፋት ነው። "እየቀጣኝ ነው" አለች በልቧ።

አርብ ስቅለት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎኑ ውስጥ ተደረደሩ፣ ስልክ በማቀዝቀዣው ላይ ተደግፎ ቄሱ በቀጥታ ይተላለፋሉ። ኪራላይሶን ሲባል ቤቱ በሙሉ ይሰግዳል። ትብለጥም ሰገደች። ባትሰግድ ይጠየቃል፣ ብትሰግድ ዓለም ይዞርባታል። ግንባሯ መሬት ሲነካ ደሙ በሙሉ ወደ መንጋጋዋ ይወርዳል፤ ስትነሣ ግድግዳው አብሯት ይነሣል። አንድ ነገር ግን አስተዋለች፤ አጎንብሳ ሳለች ትንፋሽ ይሻላታል። ስለዚህ አንዴ ከሰገደችበት ቀና ሳትል ቆየች። ሌሎቹ ተነሡ፣ ሰገዱ፣ ተነሡ። እሷ እዚያው ናት።

አዳነች ጎንበስ ብላ ስታያት፣ በማስኩ ሥር ምራቅ እየተዝረበረበ ምንጣፉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ምራቁ ደም የነካው ነው፤ ይሸታል።

"እትዬ ሮማን!"

ሮማን መጥታ ግንባሯን ነካች። እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው መልሳ ሳበች። የስልኩ ዜማ እየቀጠለ ሴቶቹ እየተገፋፉ ወደ ግድግዳው ሸሹ። "ማነሽ አንቺ? ልታስጨርሺን ነው? ስንት ቀንሽ ነው?" አለች ሮማን። አንደኛዋ ፌስታል ፍለጋ ወደ ማድቤት ሮጠች። ትብለጥ ያን የፌስታል ኮሽታ ስትሰማ የቀረ ጉልበቷን አሰባስባ ማስኳን አወለቀችና በጣቷ ጉንጯን ጠቆመች።

"ጥርስ" አለች። ድምፅዋ አፉ ትኩስ ድንች የሞላበት ሰው ድምፅ ነበር። "ጥርሴ ነው።"

አዳነች የስልኳን መብራት አብርታ በዚያች ጠባብ ክፍተት አየች። የተነፋው ድድ ይታያል። "ጥርስ ነው! ዋላሂ ጥርስ ነው! ኮሮና አይደለም!" ብላ እልል ልትል ስትል ስቅለት መሆኑ ትዝ ብሏት አፏን በእጇ ያዘች። ፌስታሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሮማን ወንበር ላይ ዘጭ ብላ "ጥርስ ደግሞ ያተኩሳል እኮ፤ እኔም በልጅነቴ አተኩሶኝ ያውቃል" አለች። በአንድ ጊዜ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ነጭ ሽንኩርት ያመጣች አለች፤ ጨው በመጥበሻ አግላ በጨርቅ የቋጠረች አለች፤ አዳነች አጅማን ውስጥ በቤቱ ጥርስ የሚነቅል ሰው አውቃለሁ፣ መንገድ ሲከፈት እወስድሻለሁ አለች። ሮማን ከሻንጣዋ ከአገር ቤት የመጡ ሁለት ካፕሱሎች አውጥታ በርግዳ ዱቄቱን በውኃ አጠጣቻት። ከግማሽ በላይ በከንፈሯ ዳር ፈሰሰ።

"ታዲያ አክፍሎቱስ?" አለች አዳነች ቀስ ብላ።

ትብለጥ ዓይኗን ጨፈነች። አዳነችም አልደገመችውም።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ፍርሃት የሚባል ነገር ረሳ። ይህ ነው የሚያስደነግጠው። ወር ሙሉ ለአንድ ሳል ሲንቀጠቀጡ የከረሙ ሴቶች፣ ምራቋን መዋጥ ያቃታትን ልጅ ትኩስ ጨው አስታቅፈው፣ ተመስገን ብለው ወደ ስግደታቸው ተመለሱ። ጥርስ ሰው ይገድላል ብሎ የነገራቸው የለም። ትብለጥ ራሷ እንኳን አልጋዋን አላጣችምና ተመስገን አለች።

ቅዳሜ ጠዋት አዳነች ቄጠማ ከየት ይምጣ ብላ ከባቃላ፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ የባሮ ሽንኩርት ገዝታ፣ ረጃጅም ቅጠሉን ሰንጥቃ በእያንዳንዷ ግንባር ላይ አሰረች። ወደ ላይኛው አልጋ ወጥታ የትብለጥን ስታስር እጇ ቆመ። የትብለጥ አገጭ የለም። ፊቷና አንገቷ አንድ ላይ ወርደዋል፤ እብጠቱ ከቀኝ ተነሥቶ በአገጯ ሥር ወደ ግራ ተሻግሯል። የአልጋውን መሰላል አቅፋ፣ ወደ ፊት ተደፍታ፣ ባዶ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ምራቋን ታንጠባጥባለች።

"ትብሌ፣ ጋደም በይ እንጂ። ዕረፍት ይሻልሻል።"

ትብለጥ ራሷን ነቀነቀች። ሌሊቱን በሙሉ ሞክራው ነበር። ጋደም ባለች ቁጥር ምላሷ ወደ ኋላ ይንከባለልና ጉሮሮዋን ይደፍነዋል፤ አየሩ ቁርጥ ይላል። ሁለት ጊዜ እየታፈነች ብድግ ብላለች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ከወሰደኝ እሞታለሁ ብላ መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛ አነጋችው።

ቤቱ ለፋሲካ ይሰናዳል። ማድቤቱ ውስጥ ሮማን ሽንኩርት ታቁላላለች፣ ሌሎቹ ለሌሊቱ እንዲበረቱ ብለው ጋደም ብለዋል፣ ከየመጋረጃው የእንቅልፍ ትንፋሽ ይወጣል። ትብለጥ እያንዳንዱን ትንፋሽ እየሰማች ቀናች። የእሷ ትንፋሽ ማፏጨት ጀምሮ ነበር፤ አሁን ማፏጨቱም እየቀጠነ ሄደ። ልትጣራ አፏን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ የለም። የያዛት ፍርሃት እስከዚያ ቀን ከምታውቀው ፍርሃት ዘመድ አልነበረም። ሮማንን መፍራት፣ ሊፍቱን መፍራት፣ ሰው መሃል ያለ ሰው ፍርሃት ነው። ይሄኛው ብቻዋን ያዛት። ሰባት ሴት በሞላበት ቤት፣ በጠራራ ቀን፣ ማንም ሳይሰማኝ ልሞት ነው አለች።

መሰላሉን ወረደች። እግሯ የመጨረሻውን ደረጃ ስቶ በጉልበቷ ወደቀች፤ በጉልበቷ እንደሆነች ማድቤት ደረሰችና የሮማንን ቀሚስ ያዘች።

ሮማን ዞር ስትል ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል። ዓይኗ ከቦታው ሊወጣ ደርሷል።

"አዳነች! አዳነች! ነይ ድረሺ! አምቡላንስ ለጥርስ ይመጣል?"

"ለጥርስ? ለጥርስ ማን ይመጣል፣ እትዬ! ዘንድሮ?"

ሮማን ስልኳን እንደያዘች ቆመች። ትብለጥ ከወለሉ ላይ ሆና የሮማንን ፊት ከሥር ወደ ላይ አየች። ሮማን መጀመሪያ አልጋዎቹን አየች፤ ከዚያ የቤቱን በር፤ ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። ምን እያሰበች እንደሆነ ትብለጥ ታውቃለች፤ የቤቱን ሕግ እያሰበች ነው። ፌስታሉን ጠበቀች።

ሮማን ደወለች።

"ኮሮና!" ብላ ጮኸች። "ኮሮና! ናፈስ ማፊ! ትንፋሽ የላትም! ያላ፣ ቶሎ!" ከዚያ ለነፃነት ደብቂ ያለችውን ሁሉ፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ የቤቱን ቁጥር፣ የራሷን ስም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከየመጋረጃው የወጡት ሴቶች በባሮ ሽንኩርት ቅጠል የታሰረ ግንባራቸውን ይዘው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "ምን ታዩኛላችሁ?" አለቻቸው። "ለጥርስ ካልመጡ ለኮሮና ይመጣሉ። በሩን ክፈቱ።"

እውነቱን ለመናገር ለጥርስም ይመጡ ነበር። ግን ያን ሰሞን ይህን የሚያምን ማን ነበር?

መጡም። አዳነች የትብለጥን ማስክ አምጥታ ገና እንዳጠለቀችላት ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ እየገፉ ገቡ። ትብለጥ እነዚህን ሰዎች በህልሟ ስትሸሻቸው ነው የከረመችው፤ አሁን እጇን ዘረጋችላቸው። እነሱ የተጠሩት ለኮሮና ነውና ሥራቸውን በዚያው ጀመሩ። ማስኳን ሳያወልቁ ትከሻዋንና እግሯን ይዘው ቃሬዛው ላይ በጀርባዋ አጋደሟት።

አየሩ ቁርጥ አለ።

ታገለች። የረጅሙን ሰው ክንድ ያዘች፣ በእግሯ ገፋች። ሰዎቹ የደነገጠች መስሏቸው "ረጋ በይ፣ ረጋ በይ" እያሉ ቀበቶውን ሊያስሩ ጎተቱ። ጣራው ላይ ያለው መብራት እየጠበበ ሄደ። ያኔ ትብለጥ ሰኞ ያጠለቀችውን፣ ሳምንቱን ሙሉ የተሸሸገችበትን ማስክ በሁለት እጇ ይዛ ከነገመዱ በጠሰችውና አንገቷን ወደ ላይ ሰጠቻቸው።

አጭሩ ሰው ቀበቶውን ለቀቀ። በጓንቱ አገጯ ሥር ነካ፤ እንደ ጣውላ ደርቋል። ቀና ብሎ ሮማንን አያት።

"ኮሮና?"

"ኮሮና ማፊ!" አለች ሮማን፤ የገዛ መንጋጋዋን በጥፊ እየመታች፣ እንባዋ እየወረደ። "ድርስ! ድርስ! ጥርስ ነው! ዋሽቼ ነው የጠራኋችሁ፣ አታስተኟት በሉ!"

ሰውየው አልተቆጣም፤ ለመቆጣት ጊዜም አልነበረውም። ከጀርባዋ ደግፎ ቁጭ አደረጋት፣ ወደ ፊት አስደገፋት፣ ጭላንጭል አየር ገባላት። "ያላ፣ ያላ!" እያሉ ቃሬዛውን እያሯሯጡ አወጧት። ሊፍቱ ሲዘጋ ትብለጥ ያየችው የመጨረሻ ነገር ሮማን በሩ ላይ ቆማ፣ ማማሰያዋን መልሳ ይዛ ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ዩሱፍ የሚባል ሱዳናዊ ሐኪም መጣ። አረብኛው ለስላሳና ዝግ ያለ ነው፤ ፊቱ በፕላስቲክ ቢጋረድም ዓይኑ ይታያል። "ስሚኝ፣ እህቴ። የተጋደመችው ጥርስሽ መግል ቋጥራለች። መግሉ ከአፍሽ ወለል ሥር ወደ አንገትሽ ወርዶ መተንፈሻሽን እያነቀው ነው። አስተኝቼ ባደነዝዝሽ ይዘጋብኛል። ነቅተሽ፣ እንደተቀመጥሽ፣ በአፍንጫሽ ቱቦ አስገባለሁ። ትፈሪያለሽ፤ ግን አትንቀሳቀሺ።"

ፈራች። ፍርሃት እንዲህ የሚጨበጥ፣ ክብደት ያለው ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። ቱቦው ከአፍንጫዋ ወደ ጉሮሮዋ ሲወርድ ሰውነቷ በሙሉ ውጣ አለው፤ እሷ ግን የወንበሩን ክንድ ይዛ አልተንቀሳቀሰችም። ውስጧ የቀረ ጸሎት ይህ ነበር፤ የአዳነችን እናት ስም አልጠራሁም፣ ሳልጠራ አትግደለኝ። ከዚያ በቱቦው ውስጥ ብዙ፣ ቀዝቃዛ፣ ነፃ አየር ገባ። ከዚያ በኋላ ምንም አታስታውስም።

ስትነቃ ፋሲካ ነበር። አንገቷ በሁለት በኩል ተቀድዶ፣ መግሉ የሚፈስበት ላስቲክ ተተክሎበት፣ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጥርሷ ተሰባብራ ወጥታለች። ድምፅ የላትም። ነርሷ ስልኳን ስትሰጣት የአዳነች ጥሪ ይጠብቃት ነበር። በኮሮናው ጥሪ የተነሣ የጤና ሰዎች መጥተው ሁሉንም መርምረዋቸዋል፤ ውጤት እስኪመጣ ማንም ከቤት እንዳይወጣ ታዟል። አዳነች ካሜራውን አዙራ ቤቱን አሳየቻት፤ ዶሮው፣ ዳቦው፣ ግንባር ላይ የጠወለገው የሽንኩርት ቅጠል። ከዚያ ላይኛውን አልጋ አሳየቻት። ፍራሹ አልተጠቀለለም። አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል፣ በላዩ ላይ ክዳን ያለው ሳህን ተቀምጧል።

"አልጋሽን ማንም አልነካብሽም!" የሚል የሮማን ድምፅ ከማድቤት መጣ። ትብለጥ ነርሷ እስክትደነግጥ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ወጣ። ትብለጥ ነፃ ናት። የአዳነችም የሌሎቹም ነፃ ነው። ከዚያ ቤት ኮሮና የተገኘበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሮማን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነጭ ለባሾቹ ተመልሰው ሲመጡ ልብሷን በፌስታል ራሷ አሰናድታ፣ ማንም ሳይነካት ወደ ሊፍቱ ገባች። ማታ ለትብለጥ በድምፅ መልእክት ላከችላት። "ያተኮሳት ትውጣ ያልኩት እኔ አይደለሁ? ይኸው ወጣሁ።" ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና መልእክቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስልኳ ይጠራል እንጂ አይነሣም።

ትብለጥ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቱን ስትከፍት በረኪና አፍንጫዋን መታው። ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ የያዘች አንዲት የማታውቃት ልጅ ቆማለች። አዳነች በማድቤቱ በር አጠገብ ያለውን የሮማንን አልጋ ገፍፋ፣ ፍራሹን ጠቅልላ፣ በገመድ ልታስረው በጉልበቷ ተጭናዋለች። ትብለጥን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ምን ላድርግ ትብሌ? የደረሰችበትን የሚነግረን የለም። አንዱ በማሽን ነው የምትተነፍሰው ይላል፣ አንዱ ሌላ ይላል። ሕጉንም ያወጣችው ራሷ ናት..."

ትብለጥ ጎንበስ ብላ ገመዱን ከአዳነች እጅ ወሰደች፣ ፍራሹን ዘረጋችው፣ አንሶላውን አነጠፈች። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ከሰሙነ ሕማማት ወዲህ ያልደፈረችውን አደረገች፤ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ተጋደመች። አየሩ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ወደቆመችው ልጅ ዞረችና ከቀናት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ሻካራ በሆነ ድምፅ ተናገረች።

"ይሄ አልጋ ሰው አለው።"